ለቅጣት ብቻ ይግባኝ ይባላል?

ሰሞኑን አንዲት ጀማሪ ጠበቃ፣ "ጋሼ፣ ደንበኛዬ ጥፋቱን አምኗል። ለቅጣቱ ብቻ ይግባኝ ብል ምን ይጠቅመዋል?" ብላ ጠየቀችኝ። ይጠቅመዋል አልኳት። ከዚያ ወዲህ ግን የድሮ ደንበኛዬ ከሐሳቤ አልወጣ ብሏል። ለእናንተም ልንገራችሁ።

ሰውየው በከባድ ስርቆት ተከሶ አመነ፤ ተፈረደበት። የይግባኝ ቅሬታውን የጻፈለት አብሮት የታሰረ የሒሳብ መምህር ነው። ከደብተር የተገነጠለ ወረቀት፣ ቁልጭ ያለ የእጅ ጽሑፍ፣ ግርጌው ላይ የጣት አሻራ። ወረቀቱ ምሕረት አይለምንም። "የተቀበላችሁልኝን ቁጠሩልኝ" ነው የሚለው። መጀመሪያ አልገባኝም ነበር።

የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2002 የቅጣት አወሳሰን መመሪያ ካወጣ ወዲህ ቅጣት የሚሰላው እርከን፣ ማለትም በቁጥር የተደረደረ የቅጣት ደረጃ፣ እየተቆጠረ ነው። የውሳኔውን ግልባጭ አነበብኩ። ዳኛው ሐተታው ላይ ሁለት ማቅለያ፣ ማለትም ቅጣት የሚያስቀንሱ ምክንያቶች፣ ተቀብለዋል፦ የቀድሞ መልካም ጠባዩን እና መጸጸቱን። ሁለቱም የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 82 ላይ ያሉ ናቸው። ወረድ ብሎ ስሌቱ ላይ ግን የተቀነሰው ለአንዱ ብቻ ነው። ሌላው ተጽፎ ቀርቷል። ዐቃቤ ሕጉም ተከላካይ ጠበቃውም አላዩትም። ያየው መምህሩ ነው። በኋላ ሌሎች ታራሚዎችም ውሳኔያቸውን ይዘው ይሰለፉለት ነበር አሉ።

ያኔ የሠራንበት የ1954ቱ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 187፣ ይግባኝ ማለትህን በ15 ቀን አሳውቅ፣ ግልባጩ በደረሰህ በ30 ቀን ቅሬታህን አቅርብ ይላል። ሰውየው ማስታወቂያውን ለማረሚያ ቤቱ በጊዜው ሰጥቷል። የፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት፣ ሬጅስትራሩ ዘንድ የደረሰው ግን ቀኑ ካለፈ በኋላ ነው። ደግነቱ አንቀጽ 191 መዘግየቱ የባለጉዳዩ ጥፋት ካልሆነ ማስፈቀድ ይቻላል ይላል፤ አስፈቀድን። ከዚያ ቀጠሮ። መዝገቡ ከሥር ፍርድ ቤት ይቅረብ ተባለ፤ ሌላ ቀጠሮ። በመጨረሻ ቅጣቱ ታረመ። ውሳኔው ሲነበብ ሰውየው የታረመውን ቅጣት ጨርሶ ወራት አልፈውት ነበር። ደስ ብሎኝ ዞር ስል በጣቱ ይቆጥራል። "ትርፉስ ለማን ይታሰባል?" አለኝ። የምለው አጣሁ። ዛሬም ያንገበግበኛል።

የዛሬ ጀማሪ ጠበቆች ከቴሌግራም ያወረዳችሁትን ቅሬታ ስም ቀይራችሁ ታስገባላችሁ። ይሄ ያናድደኛል። ደግሞ የሰበር ውሳኔ ከስልካችሁ በአፍታ ስታወጡ እቀናለሁ፤ እኛ ለአንድ ውሳኔ መዝገብ ቤት ስንለምን እንውል ነበር። እንዲያውም ለታሰረ ሰው ፍጥነታችሁ ሳይሻለው አይቀርም። ብቻ ስሌቱን ራሳችሁ ሥሩት፤ ሐተታውን ይዛችሁ፣ በእስክሪብቶ፣ ማቅለያውን አንድ በአንድ እየቆጠራችሁ። ደንበኛችሁ ከፍርዱ በፊት ታስሮ የቆየበት ጊዜ እንዲታሰብለት መታዘዙንም እዩ። ካልተጻፈ ያንኑ ዕለት አመልክቱ፤ ማረሚያ ቤቱ የሚቆጥረው ትእዛዙ ላይ ያለውን ነው።