መልስ፦ የጎልፍ ተጫዋቹ ታይገር ዉድስ በአማተርነቱ (ያለ ክፍያ ሲጫወት) ያነሳው የአሜሪካ አማተር ዋንጫ ሦስት ነው ወይስ ስድስት?

ያገኘሃቸው ሁለቱም ቁጥሮች ልክ ናቸው፤ ውድድሮቹ ስለሚለያዩ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 1993 በተከታታይ የአሜሪካ ታዳጊዎች አማተር ሻምፒዮን ሆነ። ከ1994 እስከ 1996 ደግሞ ዋናውን የአሜሪካ አማተር ሦስቴ ወሰደ። ዋናው ብቻ ሲቆጠር ሦስት፣ ሁለቱ ሲደመሩ ስድስት ነው። ለሚኒ ሚዲያው ስትጽፍ ለያይተህ አስቀምጥ።

አስተዳደጉን ከካሊፎርኒያዋ ሳይፕረስ ጀምር፤ አባቱ ኧርል የቀድሞ ወታደር፣ እናቱ ኩልቲዳ ታይላንዳዊት ነበሩ። በሁለት ዓመቱ ቴሌቪዥን ላይ ቀርቦ ኳስ መምታቱን ሁሉም ያወራዋል። እኔ ብሆን 1995ን አስቀድም ነበር፦ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሆኖ ማስተርስ የተባለውን ትልቅ የጎልፍ ውድድር እስከ መጨረሻው ቀን ተጫውቶ፣ አማተር ስለሆነ የሽልማት ገንዘብ አልተከፈለውም። ፕሮፌሽናል የሆነው በኦገስት 1996 ነው።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ። እዚህ አራት ኪሎ የተማሪዎችን ጽሑፍ ሳርም ሁሌ የማየው ስህተት፣ የፈረንጁን ዓመት ወደ እኛ አቆጣጠር ሲቀይሩ በጅምላ 8 መቀነስ ነው። የአሜሪካ አማተር ድሎቹ ነሐሴ ላይ ስለሆኑ 8 ቀንስ፤ 1986፣ 1987 እና 1988 ዓ.ም. ይሆናሉ። የተወለደው ግን ዲሴምበር 30 ቀን 1975 ስለሆነ የሚቀነሰው 7 ነው፤ ታኅሣሥ 20 ቀን 1968 ዓ.ም. ብለህ ጻፈው።