ስለ ዴንማርካዊቷ ድምፃዊት ሞ፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ዴንማርካዊቷ ድምፃዊት ሞ አራተኛ አልበሟን «ፕሌይገርል» ብላ በሜይ 2025 ካወጣች ወዲህ ስለ እርሷ የሚጠይቁ ደብዳቤዎች ደርሰውናል። ከመካከላቸው አራቱን መርጠናል፤ ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ «ሊን ኦን» የተባለውን ዘፈን ለዓመታት ሰምቼዋለሁ፤ የምታዜመው ሴት ግን ማን እንደሆነች አላውቅም። የራሷ ሥራስ አላት?

መልስ፦ የምታዜመው ሞ ናት፤ ትክክለኛ ስሟ ካረን ማሪ ኦርስተድ ሲሆን፣ በ1988 በፊን ደሴት፣ በኦደንሴ ከተማ አካባቢ ተወለደች። ዘፈኑ በ2015 ሲወጣ ከፊት የተጻፉት ሜጀር ሌዘር የተባለው የአሜሪካ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ቡድንና የፈረንሳዊው የሙዚቃ አቀናባሪ የዲጄ ስኔክ ስሞች ስለነበሩ፣ ብዙ አድማጭ እርሷን ለአንድ ቀን ሥራ የተጠራች እንግዳ አድርጎ ቆጠራት። ይህ ፍርድ ዛሬም ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ከዘፈኑ ደራሲዎች አንዷ ናት፤ የሜጀር ሌዘር አባል የሆነው ዲፕሎ ደግሞ ከዚያ አስቀድሞ በ2014 በወጣው የመጀመሪያ አልበሟ ውስጥ ከእርሷ ጋር ሠርቷል። እስካሁን በስሟ አራት ሙሉ አልበሞች አሏት።

ጥያቄ፦ በወጣትነቷ የፓንክ (ፈጣንና ሻካራ የሮክ ዓይነት) ሙዚቀኛ ነበረች ይባላል። ወደ ዳንስ ሙዚቃ የዞረችው ለገበያ ብላ አይደለምን?

መልስ፦ በዚህ አልስማማም። እውነት ነው፣ ከጓደኛዋ ጋር «ሞር» የተባለ የፓንክ ጥንድ አቋቁማ ትጫወት ነበር፤ ሆኖም ፓንኩን ትታው አልመጣችም፣ ይዛው መጣች እንጂ። «ሊን ኦን»ን ደግመው ሲሰሙ ለምቱ ትኩረት ይስጡ፤ በደቂቃ 98 ጊዜ ገደማ ስለሚመታ፣ ብዙውን ጊዜ ከ120 በላይ ከሚሄደው ሃውስ ከተባለው የጭፈራ ሙዚቃ በጣም የዘገየ ነው። ድምፃዊቷም በዚህ ዝግታ ውስጥ ቃላቱን ሳታለሳልስና ሳታስጌጥ፣ ሻከር ባለ ድምፅ፣ ለአንድ ሰው ፊት ለፊት እንደምትናገር አድርጋ ታወጣቸዋለች። ከአዝማቹ በኋላ ቃል የሌለው ቀጭን ዜማ ይመጣል፤ ብዙዎች የኪቦርድ ድምፅ ይመስላቸዋል፣ ነገር ግን የሰው ድምፅ ተቆራርጦና ቅጥነቱ ተጨምሮ እንደ መሣሪያ የተሠራ ነው። በአልበሞቿም ውስጥ የጊታር፣ የከበሮና የኤሌክትሮኒክ ድምፆች እንዲህ ተቀላቅለው ይገኛሉ፤ ሁሉንም አንድ የሚያደርጋቸው ያ ያልተሞረደ ድምፅ ነው። ገበያን ብቻ የሚያስብ ሰው መጀመሪያ የሚያለሰልሰው እርሱን ነበር።

ጥያቄ፦ በአገሯ ቋንቋ ለምን አትዘፍንም?

መልስ፦ አልበሞቿ በእንግሊዝኛ ናቸው። ዴንማርክ ስድስት ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ያላት አገር በመሆኗ፣ ከድንበር ማዶ መሰማት የሚፈልጉ ብዙ ሙዚቀኞቿ ይህንኑ መንገድ ይመርጣሉ።

ጥያቄ፦ የጭፈራ ሙዚቃ ብዙም አልወድም፤ አዲሱን አልበም ብሰማው ይጠቅመኛልን? ከየትስ ልጀምር?

መልስ፦ እርስዎን የመሰለ አድማጭ ከአዲሱ ባይጀምር እመርጣለሁ፤ «ፕሌይገርል» በኤሌክትሮኒክ ምት ላይ የቆመ በመሆኑ ገና ያልተዋወቋትን ሊያርቅ ይችላል። የመጀመሪያውን «ኖ ሚቶሎጂስ ቱ ፎሎው»ን ያስቀድሙ፤ ኢንዲ ፖፕ የሚባለው፣ ከትልልቅ የሙዚቃ ኩባንያዎች ውጭ ያደገው የፖፕ ሙዚቃ ዓይነት ጎልቶ የሚሰማበት እርሱ ነው። የ2018ቱ «ፎርኤቨር ኔቨርላንድ» ለጆሮ ቀላል ቢሆንም፣ በእኔ ግምት ከአራቱ በጣም የተለሰነው እርሱ ስለሆነ ለኋላ ቢቆይ አይጎዳም። በምትኩ ወደ 2022ቱ «ሞተርድሮም» ይለፉ፤ ከዓመታት የመድረክ ጉዞና ድካም በኋላ የተሠራ በመሆኑ ጭንቀቱ በግልጽ ይሰማል፣ ምቱም ከጭንቀቱ ጋር አብሮ ይሮጣል። ከዚያ በኋላ አዲሱን በጥሩ የጆሮ ማዳመጫ፣ ከመጀመሪያው ዘፈን እስከ መጨረሻው ሳያቋርጡ ይስሙት።