አንድ ራውተር፣ ሦስት ፓስወርድ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም ስለ ዋይፋይ ፓስወርድ የደረሱንን ጥያቄዎች ሰብስበናል። ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር እንለይ፤ በአንድ ራውተር ላይ ሦስት ፓስወርድ አለ። አንደኛው ስልክዎ ሲገናኝ የሚጠየቀው የዋይፋይ ፓስወርድ ነው። ሁለተኛው የራውተሩን የማስተካከያ ገጽ የሚከፍተው የአድሚን ፓስወርድ ነው። ሦስተኛው ራውተሩ ራሱ ለአገልግሎት ሰጪው የሚያቀርበው የመስመር ፓስወርድ ነው። ከታች ካሉት ችግሮች ገሚሱ እነዚህን ከማምታታት የመጣ ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ጀሞ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። ማታ ማታ ኢንተርኔቱ ይንቀራፈፋል። የማላውቃቸው ስልኮች ገብተው ስላየሁ ፓስወርዱን ቀየርኩት፤ ሳምንት ሳይሞላ ተመልሰው ገቡ። ፓስወርዱ የባለቤቴ ስልክ ቁጥር ነው። ከየት ነው የሚያገኙት?

መልስ፦ ከሦስት ቦታ ሊያገኙት ይችላሉ።

መጀመሪያ የሚጠረጠረው ስልክ ቁጥሩ ነው። ስልክዎ ከራውተሩ ጋር በተገናኘ ቁጥር ሁለቱ የሚለዋወጡትን መልእክት በአቅራቢያ ያለ ላፕቶፕ መቅዳት ይችላል። ፓስወርዱ በውስጡ ተጽፎ ባይገኝም፣ ቀጂው ቤቱ ተቀምጦ በግምት የሚያመጣቸውን ፓስወርዶች አንድ በአንድ እየሞከረ ከቅጂው ጋር ማመሳከር ይችላል። ራውተሩ ይህን አያይም፣ አይከለክልምም። በ09 እና በ07 የሚጀምሩ ቁጥሮች በሙሉ ቢደመሩ 200 ሚሊዮን ናቸው። በሰከንድ 500 ሺህ ግምት የሚሞክር የጌም ኮምፒውተር ሁሉንም በ400 ሰከንድ ይጨርሳል፤ 7 ደቂቃ እንኳን አይሞላም። የልደት ቀን፣ የመኪና ታርጋና «12345678»ማ ከዚህም በፊት ያልቃሉ። በዘፈቀደ የተመረጡ 12 ትንንሽ የላቲን ፊደላትና አኃዞች ግን ለዚያው ኮምፒውተር ወደ 300 ሺህ ዓመት ይፈጁበታል።

ሁለተኛው የሰጡት ሰው ነው። አንድሮይድ 10 እና ከዚያ በኋላ የመጡት ስልኮች የተቀመጠውን ፓስወርድ በኪውአር ኮድ ያሳያሉ፤ አይፎንም ከአይኦኤስ 16 ጀምሮ በጽሑፍ ያሳየዋል። ለአንድ እንግዳ የሰጡት ፓስወርድ ደረጃው ላይ ለተገናኙት ሁሉ ሊደርስ ይችላል።

ሦስተኛውን ብዙ ሰው አያስበውም። የአድሚን ፓስወርዱ ከፋብሪካ እንደመጣ ከሆነ፣ አንዴ ዋይፋይዎ ውስጥ የገባ ሰው የማስተካከያ ገጹን ከፍቶ በሌላ ጊዜ የሚመለስበትን በር ማበጀት ይችላል፤ ለምሳሌ የእንግዳ ዋይፋይ ከፍቶ መተው። በ2016 እ.ኤ.አ. ሚራይ የተባለው ቫይረስ በዓለም ዙሪያ እጅግ ብዙ ራውተሮችንና ካሜራዎችን የያዘው 60 ገደማ የፋብሪካ ስምና ፓስወርዶችን ብቻ እየሞከረ ነበር። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን፦ መጀመሪያ የአድሚን፣ ከዚያ የዋይፋይ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከተቻለ ላፕቶፕ በኔትዎርክ ኬብል ራውተሩ ላይ «ላን» ከሚለው ቀዳዳ ጋር ያገናኙ፤ በዋይፋይ ከገቡ ፓስወርዱ በተቀየረባት ቅጽበት እርስዎም ይቋረጣሉ። በስልክ ከሆነ ሞባይል ዳታውን ያጥፉት፤ አለበለዚያ ስልኩ ገጹን በዳታ በኩል ሊፈልገው ይችላል። ከዚያ ብራውዘር ከፍተው የራውተሩን አድራሻ ላይኛው የአድራሻ መስመር ላይ ይጻፉ፤ ጉግል መፈለጊያ ውስጥ አይደለም። አድራሻው ከራውተሩ ሥር ባለው ወረቀት ላይ አለ። የሁዋዌ ፋይበር ሣጥኖች ብዙውን ጊዜ 192.168.100.1፣ ዜድቲኢ 192.168.1.1፣ ቲፒሊንክ 192.168.0.1 ወይም 192.168.1.1፣ ሲም የሚገባባቸው የሁዋዌ ራውተሮች 192.168.8.1 ናቸው። ወረቀቱ ከተቀደደ ስልክዎ ላይ የዋይፋዩን ዝርዝር ይክፈቱ፤ አንድሮይድ «ጌትዌይ»፣ አይፎን «ራውተር» ብሎ ያስቀምጠዋል። ብራውዘሩ «ደህንነቱ አስተማማኝ አይደለም» ቢልዎት አይደንግጡ፤ ለቤት ራውተር ገጽ የተለመደ ነው።

ከገቡ በኋላ የአድሚን ፓስወርዱን ይቀይሩ። ብዙውን ጊዜ «ሲስተም ቱልስ»፣ «ማኔጅመንት» ወይም «አድሚኒስትሬሽን» ከሚለው ሥር ነው። «ሪሞት ማኔጅመንት» በርቶ ካገኙት ያጥፉት፤ ከቤት ውጭ ሆኖ ራውተሩን ለመክፈት ካልሆነ ጥቅም የለውም። የእንግዳ ዋይፋይ ሳያውቁት በርቶ እንደሆነም ይዩ። ቀጥሎ ወደ ዋይፋዩ ይሂዱ፤ ሁዋዌና ዜድቲኢ «ደብሊውኤልኤን»፣ ቲፒሊንክ «ዋየርለስ» ይሉታል። የደህንነት ዓይነቱን «ደብሊውፒኤ2-ፒኤስኬ»፣ ምስጠራውን «ኤኢኤስ» አድርገው አዲሱን ፓስወርድ ያስገቡ። 2.4 እና 5 ጊጋኸርዝ (ራውተሩ ዋይፋይ የሚያሰራጭባቸው ሁለት ሞገዶች) በተለያየ ገጽ ከተቀመጡ ሁለቱንም ይቀይሩ። የመጀመሪያውን ብቻ ቀይሮ ሁለተኛውን በድሮው ፓስወርድ መተው ዘወትር የሚያጋጥም ስሕተት ነው፤ ጎረቤቱም በዚያው በኩል ይቀጥላል።

በመጨረሻ «ደብሊውፒኤስ» የሚለውን ያጥፉ። ያለ ፓስወርድ በ8 አኃዝ ፒን የሚያገናኝ መንገድ ነው። ስምንተኛው አኃዝ ከሌሎቹ የሚሰላ ማረጋገጫ ነው፤ ራውተሩም የመጀመሪያዎቹን 4 እና የቀሩትን 3 ለየብቻ ስለሚያረጋግጥ ሰባሪው የሚጠብቀው 11,000 ሙከራ ብቻ ነው። ይህ ክፍተት በ2011 እ.ኤ.አ. ይፋ ሆኗል። ደብሊውፒኤስ ክፍት ከሆነ ረጅም ፓስወርድ ማውጣቱ ብዙም አይጠቅምም።

ጥያቄ፦ ፓስወርዱ በአማርኛ ፊደል ቢሆንስ? ማን ይገምተዋል!

መልስ፦ ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ግን አይሠራም። የደብሊውፒኤ2 ፓስወርድ ከ8 እስከ 63 ምልክት ሲሆን ተራ የላቲን ፊደል፣ አኃዝና የተለመዱ ምልክቶችን ብቻ ነው የሚቀበለው። የአማርኛ ቃላትን በላቲን ፊደል መጻፍ ግን ጥሩ ዘዴ ነው። እርስ በርስ የማይገናኙ አራት ወይም አምስት ቃላት ይምረጡ፤ ለምሳሌ ወንበር፣ ዝናብ፣ ጎማ፣ ሠላሳ የሚል ዓይነት። ተረትና ምሳሌ፣ የመዝሙር ስንኝ ወይም የታቦት ስም አይሁን። «ጨ»፣ «ጸ» እና «ቀ» ያሉባቸው ቃላት ግን ያጨቃጭቃሉ፤ አንዱ በአንድ ፊደል፣ ሌላው በሁለት ስለሚጽፋቸው ቤተሰቡ «አልገባም አለኝ» ሲል ይውላል። ፊደል በፊደል በወረቀት ጽፈው ቁም ሣጥን ውስጥ ያኑሩት። ትልቅና ትንሽ ፊደል ይለያያል፤ ስልክ የመጀመሪያዋን ፊደል በራሱ ትልቅ እንዳያደርግባችሁ።

ጥያቄ፦ ከሐዋሳ ነኝ። ፓስወርዱ ጠፍቶብኝ ከኋላ ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ በመርፌ ተጫንኩ። አሁን ዋይፋዩ ይገባል፣ ኢንተርኔት ግን የለም። ራውተሩ ተቃጠለ?

መልስ፦ አልተቃጠለም። ሪሴት ለ10 ሰከንድ ያህል ሲጫኑት ሦስቱም ፓስወርዶች ይጠፋሉ። የዋይፋዩና የአድሚኑ ከሥር ወረቀቱ ላይ ወደተጻፉት ይመለሳሉ። የመስመሩ ግን ወረቀቱ ላይ ስለሌለ አይመለስም፤ ቴክኒሻኑ መጀመሪያ ሲገጥም ያስገባው ነበርና።

መብራቶቹን ይመልከቱ። ፋይበር ከሆነና «ፖን» ሳይብለጨለጭ ከበራ መስመሩ ደኅና ነው፤ የጎደለው ቅንብሩ ነው። «ሎስ» ቀይ ከሆነ ጉዳዩ ከፓስወርድ ጋር አይገናኝም፤ ገመዱ ታጥፏል ወይም ተነቅሏል። በመዳብ ስልክ መስመር ከሆነ «ዲኤስኤል» በርቶ «ኢንተርኔት» መጥፋቱ ያንኑ የጎደለ ቅንብር ያመለክታል። አንዳንድ የፋይበር ሣጥኖች ቅንብራቸውን ከአገልግሎት ሰጪው ማዕከል በራሳቸው ይቀበላሉ፤ 15 ደቂቃ ይታገሡ። ካልመጣ ኢትዮ ቴሌኮም ከሆነ የአገልግሎት ቁጥርዎን ይዘው 994 ይደውሉና የ«ፒፒፒኦኢ»፣ ማለትም የመስመሩን፣ ስምና ፓስወርድ ይጠይቁ። ሲሰጡዎት «ዋን» በሚለው ገጽ ያስገቡታል። የፋይበር ሣጥኑ ይህን ገጽ ለተጠቃሚ ካልከፈተ ቴክኒሻን ያስፈልጋል።

ሲም ካርድ የሚገባበት ራውተር፣ የቴሌም ይሁን የሳፋሪኮም፣ ይህ ጣጣ ብዙም የለበትም፤ ከሪሴት በኋላ በአብዛኛው ራሱ ይነሣል።

ለወደፊቱ ግን የዋይፋይ ፓስወርድ ሲጠፋ መርፌ አይፈልጉ። አስቀድሞ የተገናኘ ስልክ ላይ ከኪውአሩ ወይም ከዋይፋዩ ዝርዝር ያገኙታል።

ጥያቄ፦ ደሴ ካፌ አለኝ። ፓስወርዱን ግድግዳ ላይ ለጥፌያለሁ። የካሜራዎቹ መቅጃና የካሸሯ ኮምፒውተርም በዚሁ ራውተር ላይ ናቸው። ችግር አለው?

መልስ፦ አለው፤ ከሁሉም ጥያቄዎች የሚያሳስበን ይህ ነው። ግድግዳው ላይ ያለውን ፓስወርድ ያነበበ ሁሉ ከካሜራ መቅጃዎ ጋር አንድ ቤት ውስጥ ገብቷል። የመቅጃው ፓስወርድ ደግሞ ብዙ ጊዜ ገጣሚው የተወው ነው።

ራውተሩ «ጌስት ኔትዎርክ» ካለው ያብሩትና ግድግዳው ላይ የሱን ፓስወርድ ብቻ ይለጥፉ። እንግዶች የውስጥ ኔትዎርኩን እንዲያዩ የሚፈቅደውን ምርጫ ያጥፉ፤ «ኤፒ አይሶሌሽን» ካለ ያብሩ፤ እንግዶቹ እርስ በርስም አይተያዩም። ከዚያ የዋናውን ዋይፋይ ፓስወርድ ይቀይሩ፤ የድሮው በከተማው ግማሽ ስልክ ውስጥ ተቀምጧልና። ካሜራዎቹንና ካሸሯን በኬብል ቢያደርጓቸው ይመረጣል። ሥራ ሲጨርሱ ከተጋባዥ ስልክ ሆነው የመቅጃውን አድራሻ ይሞክሩ፤ ከተከፈተ መለያየቱ አልሠራም። ራውተሩ ጌስት ከሌለው ሁለተኛ ራውተር ገዝቶ መደረብ ብዙ ሰው የሚያደርገው ነው፤ ግን እንግዶቹን በሁለተኛው ላይ ማድረግ ብቻውን አይለያቸውም፤ ከሁለተኛው ወደ መጀመሪያው በሩ ክፍት ነው። ተገላቢጦሹ ይሻላል፦ የንግዱ ዕቃዎች በሁለተኛው፣ እንግዶቹ በመጀመሪያው።

ጥያቄ፦ የዋይፋዩን ስም ብደብቀውና ስልኮቹን በማክ አድራሻ (በየስልኩ የኔትዎርክ መለያ ቁጥር) ብገድብስ?

መልስ፦ ድካሙ ይበዛል። የተደበቀ ስም አንድ ስልክ በተገናኘ ቁጥር በአየር ላይ ይገለጣል፤ የማክ አድራሻም ሳይመሰጠር ስለሚተላለፍ ይቀዳል። በዚያ ላይ አንድሮይድ ከ10፣ አይፎን ከአይኦኤስ 14 ጀምሮ በማክ ፈንታ የዘፈቀደ አድራሻ ስለሚጠቀሙ የሚቆለፍባቸው የገዛ ልጆችዎ ይሆናሉ።

ጥያቄ፦ ዘመናዊ ነው ተብሎ «ደብሊውፒኤ3» መረጥኩ፤ የድሮው ቴሌቪዥንና ፕሪንተሩ ጠፉ።

መልስ፦ ደብሊውፒኤ3 የመጣው በ2018 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊት የተሠሩ ብዙ ዕቃዎች አያውቁትም። «ደብሊውፒኤ2/ደብሊውፒኤ3» የሚለውን ጥምር ይምረጡ። ያም ሆኖ አንዱ ዕቃ አልገባም ካለ ለሱ ብቻ 2.4 ጊጋኸርዙን በደብሊውፒኤ2 ይተዉት። ወደ «ደብሊውኢፒ» ወይም «ቲኬአይፒ» ግን አይውረዱ። ደብሊውኢፒ በደቂቃዎች ይሰበራል፤ ቲኬአይፒ ደግሞ ከደካማነቱ ሌላ ፍጥነቱን ከ54 ሜጋቢት በታች ያስራል። «ፋይበር አስገብቼ ለምን ዘገየ» የሚሉ አንባቢዎቻችን መጀመሪያ ይህችን ቅንብር ይዩልን።

ጥያቄ፦ መብራት በጠፋ ቁጥር ፓስወርዱ ወደ ድሮው ይመለሳል።

መልስ፦ መብራት መጥፋት በራሱ ቅንብር አያጠፋም። አንዳንድ የቆዩ ሞዴሎች ላይ «አፕላይ» ለጊዜው ብቻ ነው የሚሠራው፤ እንዲጸና «ሴቭ» የሚለውን ለየብቻ መጫን ያስፈልጋል። ሴቭ አድርገው ራውተሩን ራስዎ አጥፍተው ያብሩት። አሁንም ከተመለሰ የሪሴት ቁልፉ ተጣብቆ እንዳይሆን በጥርስ መፋቂያ ቀስ ብለው ይነካኩት። ፈርምዌር (የራውተሩን የውስጥ ሶፍትዌር) በሚያድሱበት ሰዓት ግን መብራት ከጠፋ ራውተሩ ጨርሶ ሊበላሽ ስለሚችል፣ ዩፒኤስ ከሌለዎት መብራቱ በማይቆራረጥበት ሰዓት ያድርጉት።