ቨርቹዋል ማሽንን ሳያጠፉ ከአንድ ዓይነት ፕሮሰሰር ወደ ሌላው ማዛወር፦ ጥያቄና መልስ

በአዳማ ከተማ የሰርቨር ክፍል የሚያስተዳድሩ ባልደረቦች፣ በሥራ ላይ ያለን ቨርቹዋል ማሽን (በሰርቨር ውስጥ ራሱን እንደቻለ ኮምፒውተር የሚሠራ ሶፍትዌር) ሳያጠፉ የተለያየ ፕሮሰሰር ባላቸው ሰርቨሮች መካከል ስለማዛወር የላኩልኝን ጥያቄዎች ከዚህ በታች እመልሳለሁ። ልምዴ በአብዛኛው በሊኑክስና ቨርቹዋል ማሽኖችን በሚያስኬደው ክፍሉ በኬቪኤም ላይ ስለሆነ መልሶቹም ወደዚያው ያደላሉ።

ጥያቄ፦ ሁለት የኢንቴል ሰርቨሮች ነበሩን፤ አሁን አንድ የኤኤምዲ ሰርቨር ተጨምሮልናል። በመካከላቸው ማዛወር ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፤ የዘወትር አሠራር እንዲሆን ግን አልመክርም። ኤኤምዲና ሬድ ሃት ከኢንቴል ዜኦን ወደ ኤኤምዲ ኦፕቴሮን እንዲህ ዓይነት ዝውውር ሲካሄድ በ2008 እ.ኤ.አ. አሳይተዋል። ይህ የሆነው ሁለቱም የሚያስፈጽሙት የትእዛዝ ስብስብ (ፕሮሰሰሩ የሚያውቃቸው ትእዛዞች ዝርዝር) በመሠረቱ አንድ፣ ማለትም ኤክስ86-64 በመሆኑ ነው። ሌላው የቨርቹዋል ማሽን ሶፍትዌር፣ ቪኤምዌር፣ በበኩሉ በሁለቱ አምራቾች መካከል ማዛወርን አይደግፍም፤ ኢቪሲ የተባለው አሠራሩ የሚያስማማው የአንድ አምራችን የተለያዩ ትውልዶች ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ወደ ኤአርኤም ሰርቨርስ?

መልስ፦ በኬቪኤም አይቻልም። የትእዛዝ ስብስቡ ራሱ ሌላ ስለሆነ፣ እያንዳንዱን ትእዛዝ በሶፍትዌር መተርጎም የግድ ይሆናል፤ ያም ለዕለት ተዕለት አገልግሎት የማይሆን ዝግታ ያስከትላል።

ጥያቄ፦ ዝውውሩ ያለ ምንም ስህተት መጠናቀቁን መሣሪያው ነግሮን ነበር። ሆኖም ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ፣ የዕለቱ ሪፖርት መዘጋጀት ሲጀምር፣ ፕሮግራሙ «ሕገ ወጥ ትእዛዝ» ብሎ ወደቀ። ምን ሆኖ ነው?

መልስ፦ ብዙ ፕሮግራሞች ሲጀምሩ ፕሮሰሰሩ ምን ምን እንደሚችል አንድ ጊዜ ይጠይቃሉ፤ በመልሱ መሠረትም ከፈጣኑና ከመደበኛው ስልት አንዱን ይመርጣሉ፤ ከዚያ በኋላ ዳግመኛ አይጠይቁም። በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው ሀስዌል የተባለው የኢንቴል ፕሮሰሰር ትውልድ፣ ኤቪኤክስ2 የተባሉትን ብዙ ቁጥሮችን በአንድ ጊዜ የሚያሰሉ ትእዛዞች ይዞ መጥቷል፤ ከእሱ በፊት የነበረው የኢንቴል ትውልድ ግን የሉትም። በአዲሱ ሰርቨር ላይ የተከፈተ ፕሮግራም ወደ አሮጌው ሲዛወር የቀድሞ ምርጫውን ይዞ ይሄዳል፤ የሚወድቀውም ያንን ስልት በሚጠቀምበት ቅጽበት ነው። የእናንተ ማሽን የሰርቨሩን ፕሮሰሰር እንዳለ በሚያሳየው ሆስት-ፓስትሩ በተባለው አማራጭ የተዋቀረ ይመስለኛል። መፍትሔው ሁሉም ሰርቨሮች የሚጋሩትን የጋራ ዝቅተኛ የፕሮሰሰር ሞዴል (ለማሽኑ የሚታየውን የችሎታ ዝርዝር) መስጠት ነው፤ በኬቪኤም ላይ የተሠራው የማስተዳደሪያ ሶፍትዌር ፕሮክስሞክስ ከስሪት 8 ጀምሮ ለአዲስ ማሽን በነባሪነት የሚያቀርበው ኤክስ86-64-ቪ2-ኤኢኤስም እንዲህ ያለ ሞዴል ነው። ይህም ቢሆን አንድ ቀዳዳ ይቀረዋል፦ ሞዴሉ ባሕርያቱን ከእይታ ይደብቃል እንጂ ትእዛዞቹን ሁሉ አይከለክልም። እንደ ቢኤምአይ2 (ቢቶችን የሚያቀናብሩ) ያሉትን ትእዛዞች ሳይጠይቅ የሚጠቀም፣ ለአዲሱ ፕሮሰሰር ብቻ ተብሎ የተጠናቀረ ፕሮግራም፣ በአዲሱ ላይ በሰላም ሲሠራ ሰንብቶ በአሮጌው ላይ ይወድቃል።

ጥያቄ፦ ታዲያ አስተማማኝ ሙከራ እንዴት ይደረጋል?

መልስ፦ ጫናው፣ ማለትም ማሽኑን ሥራ የሚያበዙበት የሙከራ ፕሮግራሞች፣ መጀመር ያለበት ከዝውውሩ በፊት ነው። ብዙዎች ማሽኑን ካዛወሩ በኋላ ፕሮግራም ከፍተው «ይሠራል» ይላሉ፤ አዲስ የተከፈተው ፕሮግራም ግን የአዲሱን ቦታ ፕሮሰሰር ጠይቆ ስለሚነሣ ምንም አያሳይም። ምስጠራ፣ ፋይል ማመቅና የውሂብ ጎታ ግብይት ሳይቋረጡ እየሠሩ፣ ማሽኑን ከአዲሱ ወደ አሮጌው፣ ከዚያም ወደ ኋላ ደጋግሞ ማዛወር ይገባል፤ ከአሮጌው ወደ አዲሱ ብቻ የሚደረግ ሙከራ ጉድለቱን እምብዛም አያወጣውም። የውጤት ፋይሎቹ የፍተሻ ድምር (ከይዘታቸው የሚሰላ መለያ ቁጥር) ከዝውውሩ በፊትና በኋላ መመሳሰሉ፣ የከርነሉ (የስርዓተ ክወናው እምብርት) መዝገብ፣ እንዲሁም ሰዓቱ ምን ያህል እንደተዛነፈ አብረው ይታያሉ፤ የሁለቱ ፕሮሰሰሮች የጊዜ ቆጣሪ ፍጥነት የተለያየ ሊሆን ስለሚችል ሰዓቱን ችላ ማለት አይገባም። እኔ ዘወትር የምጨምረው አንድ ነገር አለ፦ ሆን ብዬ በስህተት፣ ለምሳሌ በሆስት-ፓስትሩ፣ ያዋቀርኩትን ማሽንም አብሬ አዛውራለሁ። እሱ ካልወደቀ፣ ያዘጋጀሁት ጫና አደገኛዎቹን ትእዛዞች እየነካ አይደለም ማለት ስለሆነ፣ የሌሎቹን ማለፍ አላምነውም።

ጥያቄ፦ ሁለቱም ሰርቨሮች አንድ ዓይነት ከሆኑ ሙከራው ይቀራል?

መልስ፦ አይቀርም። አንዱ የማይክሮኮድ (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ የራሱ ሶፍትዌር) ማሻሻያ ተጭኖለት ሌላው ካልተጫነለት፣ ቲኤስኤክስ የተባለው የኢንቴል ባሕርይ በአንዱ ጠፍቶ በሌላው ሊቆይ ይችላል።

ጥያቄ፦ መብራት ሲጠፋ ባትሪው የሚያቆየን 10 ደቂቃ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ማሽኖቹን ወደ ሌላው ሕንፃ ማዛወር እንችላለን?

መልስ፦ ሒሳቡን እንሥራው። ባለ 1 ጊጋቢት መስመር በተግባር በሰከንድ 117 ሜጋባይት ገደማ ያሳልፋል። 16 ጊጋባይት ሜሞሪ ያለው አንድ ማሽን ቢያንስ 140 ሰከንድ፣ 10 እንዲህ ያሉ ማሽኖች ደግሞ ከ23 ደቂቃ በላይ ይፈልጋሉ። በዚያ ላይ ዝውውሩ እየተካሄደ ፕሮግራሞቹ የሚለውጡት የሜሞሪ ገጽ እንደገና ስለሚላክ፣ ሥራ የበዛበት የውሂብ ጎታ መጨረሻ ላይደርስ ይችላል። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ ሁለት ወይም ሦስት ዋና ማሽኖችን ብቻ አስቀድማችሁ ምረጡና አዛውሩ፤ የቀሩትን በሥርዓት አጥፏቸው።