ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ «ሙሉ በሙሉ ከቤት እንድሠራ ወረቀት ይጻፉልኝ»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ33 ዓመት ሴት ነኝ፤ ባለትዳርና የአንድ ልጅ እናት። የምኖረው ደሴ ነው። ዋና ቢሮው አዲስ አበባ በሆነ ድርጅት ውስጥ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። በሳምንት ሁለት ቀን ኮምቦልቻ ቅርንጫፍ እገባለሁ፤ ሦስቱን ቀን ከቤት እሠራለሁ። ሲፈቀድልኝ ሎተሪ የወጣልኝ ያህል ነበር የተደሰትኩት። አሁን ግን እንቅልፍ የለኝም። አንገቴንና ትከሻዬን ያመኛል። ሁሌ ድካም ነው። ቀን መብራት ይጠፋል፣ ቤትም ሰው አይጠፋም፤ ስለዚህ ዋናውን ሥራ የምሠራው ልጁ ሲተኛ ነው። የደሴን ብርድ መቼም ያውቁታል። በር ዘግቼ፣ ከሰል አስገብቼ እስከ ሌሊቱ 6 እና 7 ሰዓት እቀመጣለሁ። ከዚያ ራሴን ይፈልጠኛል፣ አንዳንዴም ያቅለሸልሸኛል። ኮምቦልቻ በምውልባቸው ቀናት ማታ ስለማልሠራ ራስ ምታቱ የለም፤ ግን መንገዱ ያደክመኛል። አለቃዬ ደግሞ ማታ 4 ሰዓትም ቢሆን በቴሌግራም ይጽፍልኛል። ሙሉ በሙሉ ከቤት እንድሠራ የሐኪም ወረቀት ቢጻፍልኝ ይሻለኛል ብዬ አሰብኩ። ወይስ ሥራውን ልተወው?

መልስ፦ እህቴ፣ ስለ ሥራው ከማውራታችን በፊት ከሰሉን ከክፍሉ ያውጡት። ዛሬ ማታውኑ።

ከጻፉልኝ ሁሉ እኔን ያስደነገጠኝ እንደ ዋዛ ጣል ያደረጉት ነገር ነው። በተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚነድ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፣ ዓይን አያቃጥልም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጭሱ ሲያልቅ ነው። ከሰሉን ውጭ አቀጣጥሎ፣ ፍሙ ሲቀላ ወደ ቤት ያስገባዋል፤ አደጋውም ያለፈ ይመስለዋል። ጋዙ የሚወጣው ግን ከፍሙም ነው። ይህ ጋዝ በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ኦክስጅን ቦታ ያጣል። ያኔ ራስ ይፈልጣል፣ ያቅለሸልሻል፣ ያፈዛል። ሲብስ ራስን ያስታል፤ ይገድላልም። ደሴ ደግሞ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። አየሯ ከመነሻውም ኦክስጅኑ ሳሳ ያለ ስለሆነ ጋዙ ይበልጥ ይጎዳል።

ራስ ምታቱ ከሰል በሚገባባቸው ሌሊቶች መጥቶ በሌሎቹ መቅረቱ ትልቅ ፍንጭ ነው። ልጅዎ እዚያው ክፍል የሚተኛ ከሆነ ይበልጥ ያሳስበኛል፤ ሕፃናት ቶሎ ነው የሚጎዱት። መስኮት ገርበብ ማድረግም ዋስትና አይሆንም። ጋቢ ይደርቡ፣ ወፍራም ካልሲ ያድርጉ፣ ሙቅ ውሃ በጎማ ከረጢት ሞልተው እግርዎ ሥር ያኑሩ። ምናልባት ከሰል ባለበት ክፍል ራስዎን ቢያዞርዎ ወይም ልጁ ቢፈዝብዎ፣ ሁላችሁም ወዲያው ወደ ውጭ ወጥታችሁ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ሕክምናው ኦክስጅን ነው፤ እስኪነጋ አይቆይም።

አሁን ወደ ወረቀቱ እንምጣ። ድሮ ሰው ሐኪም የሚለምነው የሕመም ፈቃድ ነበር። ከኮቪድ ወዲህ ሌላ ጥያቄ መጥቷል፦ «ዕረፍቱ ይቅርብኝ፣ ቤቴ ሆኜ ልሥራ ብቻ።» አንዳንድ አለቆች ይህን ስንፍና ይሉታል። እኔ አይመስለኝም። መንገድ ላይ የሚባክነውን ጊዜ ማትረፍ፣ ልጅን በቀን ብርሃን ማየት፣ ወንበር በማሞቅ ሳይሆን በሠሩት ሥራ መመዘን፤ ይህን የሚፈልግ ሰው ምኑ ነው ሰነፍ? ጥናትም ይደግፈዋል። እ.ኤ.አ. በ2024 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ አንድ ጥናት ትሪፕ ዶት ኮም በሚባል የቻይና የጉዞ ኩባንያ 1,612 ሠራተኞችን ተከታትሏል። በሳምንት ሁለት ቀን ከቤት እንዲሠሩ ከተፈቀደላቸው መካከል ሥራ የለቀቀው ሰው ቁጥር በአንድ ሦስተኛ ቀንሶ ተገኘ። የሥራ ውጤታቸው ግን አልወረደም። ይበልጥ የተጠቀሙት ደግሞ ሴቶች፣ አለቃ ያልሆኑ ሠራተኞችና መንገድ የሚርቃቸው ናቸው። አለቃዎ ካንገራገሩ ይህን ሊነግሯቸው ይችላሉ።

ነገር ግን እነዚያ ሠራተኞች ሦስቱን ቀን ቢሮ ይገቡ ነበር። ጨርሰው ቤት አልቀሩም። እርስዎ እየጠየቁኝ ያለው ደግሞ ደኅና የሚሆኑባቸውን ሁለት ቀናት እንድሰርዝልዎ ነው። ኮምቦልቻ ሲሄዱ ይራመዳሉ፣ ከሰው ጋር ይሥቃሉ፣ ማታ ይተኛሉ። ስለዚህ ይህን ወረቀት አልጽፍልዎትም። መንገዱ ካደከመዎት ድርጅቱን የመግቢያ ሰዓት ማሻሻያ ይጠይቁ። ጠዋት ከግፊያው በኋላ ሚኒባስ ይዞ 3 ሰዓት ተኩል ላይ መግባት ጨርሶ ከመቅረት የተሻለ ልመና ነው፤ አለቃም በቀላሉ እሺ ይላል። ቅርንጫፉ ጄኔሬተር ካለው እንዲያውም መብራት በሚጠፋበት ቀን ወደዚያ መውረድ ይሻልዎታል። ቀን ያልተሠራው ሁሉ ወደ ሌሊት እየተንከባለለ ነው ያሳመመዎት።

በእኔ ግምት ዋናው ጉዳት ይህ ነው። የሥራ ቀንዎ መጨረሻ የለውም። ቀኑን ሙሉ በከፊል ይሠራሉ፣ ሌሊቱን በከፊል ይተኛሉ። እንዲህ ያለው ሰው «ብዙም አልሠራሁም» እያለ ነው የሚደክመው። ለአንድ ሳምንት የጀመሩበትንና ያቆሙበትን ሰዓት ደብተር ላይ ይጻፉ፤ የቴሌግራሙንም ጭምር። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት ጥናት፣ በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠሩ ሰዎች ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠሩት ጋር ሲነጻጸሩ በስትሮክ የመያዝ ዕድላቸው 35 በመቶ፣ በልብ የደም ሥር ሕመም የመሞት ዕድላቸው 17 በመቶ ከፍ ይላል። ሕግ የእኔ ሙያ አይደለም፤ ግን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ነው የደነገገው። ቤትዎ ውስጥ መቀመጥዎ ይህን አይቀይረውም።

ለአለቃዎ ነገሩን በጨዋ ቋንቋ ይጻፉላቸው። ለምሳሌ፦ «ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ የሚላክልኝን መልእክት ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ አይቼ እመልሳለሁ። አስቸኳይ ከሆነ ይደውሉልኝ።» ይደውሉልኝ የሚለውን እንዳይረሱ። ማታ 4 ሰዓት ላይ መጻፍ ለማንም ቀላል ነው፤ ለመደወል ግን ሰው ሁለቴ ያስባል። ከዚያ የሥራውን ግሩፕ ድምፅ ያጥፉና ስልኩን ከመኝታ ክፍል ያውጡት።

ቀጥሎ የቤቱ ጉዳይ አለ። ቤት የዋለች ሴት ሥራ ላይ ናት ብሎ የሚያምን ጎረቤት ማግኘት መቼም ከባድ ነው። «እቤት አይደለሽ እንዴ፣ እስቲ ገበያ ብቅ በይልኝ» ይላሉ። ባለቤትዎ በጥያቄዎ ውስጥ «ባለትዳር» በምትለው ቃል ብቻ ነው ያለፉት። ለቤተ ዘመዱ «ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል እስከ 6 ሰዓት ተኩል ሥራ ላይ ናት» ብለው መናገር ያለባቸው እሳቸው ናቸው። ከእርስዎ ሲመጣ ኩራት ይመስላል። ማታ ልጁን ማስተኛትም እንዲሁ የሁለታችሁ ነው።

ቡናውን ግን አይተዉት። ወሎ ውስጥ ከቡና የቀረ ሰው ከወሬም ከወዳጅም ይቀራል፤ ብቻውን የሚውል ሰው ደግሞ ድብርት ቶሎ ይጎበኘዋል። ጠዋት ይጠጡ። ከቀኑ 8 ሰዓት ወዲህ ያለው ይቅር። ካፌይን በአማካይ ከ5 ሰዓት በኋላም ግማሹ ገላ ውስጥ አለ። 11 ሰዓት ላይ የተጠጣ ስኒ ሌሊት 4 ሰዓት ላይ ገና እየሠራ ነው። ጎረቤት ቅር ካላቸው በእኔ ያሳብቡ።

አንገቱና ትከሻው ቀላል ነው። ላፕቶፑን ወፍራም መጻሕፍት ላይ ከፍ አድርገው የስክሪኑ አናት ከዓይንዎ ጋር ይስተካከል። ለብቻው የሚሰካ ኪቦርድ ይግዙ። አልጋ ላይ አይሥሩ። በየግማሽ ሰዓቱ ይነሡ። ከቤት በሚሠሩባቸው ቀናት ግማሽ ሰዓት ይራመዱ፤ የደሴ ዳገት እያለ ለጂም መክፈል አያስፈልግም።

ሥራውን ልተወው ወይ ላሉት፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው እንዲህ ያለ ውሳኔ ባይወስን እመርጣለሁ። ከሰሉ ወጥቶ፣ ሌሊቱ ተከብሮ ከአንድ ወር በላይ ይሞክሩት። ያኔም ሥራው ካንገሸገሸዎ ጉዳዩ ሌላ ነው።

እስከዚያው ግን ምርመራ አይቅር። በአቅራቢያዎ ያለ ጤና ጣቢያ ሄደው የደም ግፊትዎን ይለኩ፤ የደም ማነስና የስኳር ምርመራ ያድርጉ። በአገራችን ደጋማ ቦታዎች የአዮዲን እጥረትና እንቅርት ብዙ ስለሚታይ የታይሮይድ ምርመራም ይጠይቁ። የእርግዝና ምርመራም እንዲሁ። ድካምና ማቅለሽለሽ ባለበት ዕድሜዎ ይህን ሳያረጋግጡ ማለፍ ተገቢ አይሆንም፤ እርግዝና ካለ ደግሞ የከሰሉ ጋዝ ለጽንሱ እጅግ አደገኛ ነው። ከሰል በሌለበትም ራስ ምታቱ ከቀጠለ፣ ድንገት የሚያፈርጥ ራስ ምታት ከመጣ፣ አንድ ጎንዎ ከዛለ ወይም ንግግርዎ ከተሳሰረ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። ከሁለት ሳምንት በላይ ምንም ነገር ደስ አላሰኝ ካለዎት፣ ወይም መኖር ካስጠላዎት፣ እሱም እንደ ማንኛውም ሕመም የሚታከም ነውና ለሐኪሙ በግልጽ ይንገሩት።