ቪዲዮውን ላከው፣ ድሮኑን ግን ተወው

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። በጃንዋሪ ከቤተሰብ ጋር ቨርጂኒያ ቢች ሄደን፣ ከዳር ብዙም ሳይርቅ ትልቅ ጥቁር ዓሣ ነባሪ ብቅ ጥልቅ ሲል አየንና በስልኬ ቀረጽኩት። ጓደኛዬ ዘራቸው ሊጠፋ ከተቃረቡት አንዱ ነው ይላል፤ በሚቀጥለው ድሮን ይዘን ጠጋ ብለን እንቅረጸው እያለ ነው። እውነቱን ነው? ቪዲዮዬስ እነሱን ለሚከታተሉት ሰዎች ይጠቅማል?

መልስ፦ ወንድማችን፣ መጀመሪያ ድሮኑን ተወው በለው። እሱ የሚለው ዘሩ ሊጠፋ የተቃረበውን የዓሣ ነባሪ ዓይነት፣ የሰሜን አትላንቲክ ራይት ዌልን ነው፤ ወደ እሱ ከ500 ያርድ፣ ማለትም ከ457 ሜትር ባነሰ ርቀት መጠጋት በአሜሪካ ሕግ ክልክል ነው። በጀልባም ሆነ በአየር።

ያየኸው ግን ሃምፕባክ የሚባለው ሌላ ዓይነት ዓሣ ነባሪ ሳይሆን አይቀርም። በብርዱ ወራት ወጣት ሃምፕባኮች ትናንሽ ዓሦችን እያሳደዱ እዚያ ዳርቻ ድረስ ይመጣሉ። እስቲ ቪዲዮውን ደግመህ እየው። ጀርባው ላይ ትንሽ ክንፍ ካለ ራይት ዌል አይደለም። የራይት ዌል ጀርባ ልሙጥ ነው። ሲተነፍስ የሚወጣው እንፋሎት ከፊት ለፊት ሲታይ እንደ ባላ ለሁለት ይከፈላል፤ ጭንቅላቱ ላይም ነጫጭ ሻካራ ጉብታዎች አሉ።

ዋናው ነገር እነዚያ ጉብታዎች ናቸው። ነጭ የሚያስመስላቸው ላያቸው ላይ የሰፈረ የዓሣ ነባሪ ቅማል ነው፤ አቀማመጣቸው ደግሞ የአንዱ ከሌላው አይመሳሰልም። ቦስተን ያለው የኒው ኢንግላንድ አኳሪየም በዚህ እየለየ እያንዳንዱን በፎቶና በቁጥር መዝግቦ ይዟል። በዓለም ላይ የቀሩት ራይት ዌሎች 380 ገደማ ብቻ ናቸው፣ ከነሱም መውለድ የሚችሉት ሴቶች 70 አካባቢ ቢሆኑ ነው። ስለዚህ አንድ ጥሩ ፎቶ የትኛዋ፣ መቼ፣ የት እንደታየች፣ ቆስላ እንደሆነም ይናገራል።

ቁጥር 3560ን እንውሰድ፣ ስኖው ኮን ይሏታል። እ.ኤ.አ. በ2020 ግልገሏን መርከብ ገጭቶ ገደለባት። በ2021 የዓሣ ማጥመጃ ገመድ ተጠምጥሞባት ታየች፤ የዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ጆርጂያ አጠገብ ገመዱን እየጎተተች አዲስ ግልገል ይዛ ተገኘች። በሴፕቴምበር 2022 ማሳቹሴትስ ባለችው የናንታኬት ደሴት አካባቢ ሲያዩዋት ግን ሌላ ገመድ ተጨምሮባት፣ ከስታ፣ ግልገሉም አብሯት አልነበረም። ይህን ሁሉ ልናውቅ የቻልነው በየቦታው ያያት ሰው ፎቶ እያነሳ ስላስመዘገበ ነው። እኔ ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል፣ ምክንያቱም መርከብም ገመድም የሰው ሥራ ነው፣ ልንቀንሰው የምንችለው ነገር ነው።

ክትትሉ በዓይን ብቻ አይደለም። በአውሮፕላን ይፈልጓቸዋል፣ በውሃ ውስጥ ማይክሮፎን ድምፃቸውን ያዳምጣሉ፤ ሌሊትም ጭጋግም ቢሆን ይሰማል። አንድ ቦታ ከተገኙ ደግሞ ባለመርከቦች ለ15 ቀን ፍጥነት እንዲቀንሱ ይጠየቃሉ። ይህኛው ልመና ነው፣ ግዴታ የለበትም። ግዴታው በ2008 የወጣው ደንብ ነው፦ በተከለሉ ቦታዎች በተወሰኑ ወራት 65 ጫማና ከዚያ በላይ የሆነ መርከብ ከ10 ኖት (የመርከብ ፍጥነት መለኪያ ነው) በላይ አይሄድም። እናንተ አጠገብ ያለው የቼሳፒክ ቤይ ባሕረ ሰላጤ መግቢያም ከኖቬምበር 1 እስከ ኤፕሪል 30 እዚህ ውስጥ ነው።

ወደ ቪዲዮህ ስንመለስ፣ ይጠቅማል። ሃምፕባክም ቢሆን በጅራቱ ስር ባለው ጥቁርና ነጭ ይለያል፣ ስለዚህ ጅራቱን ሲያነሳ ቀርጸኸው ከሆነ በጣም ጥሩ። አትቁረጠው፣ ፊልተር አታድርግበት። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የቆምክበትን ቦታና ወደ የት እየሄደ እንደነበር ጽፈህ ቨርጂኒያ ቢች ላለው የቨርጂኒያ አኳሪየም ላክላቸው። ወደፊት ራይት ዌል የሚመስል ካየህ፣ ወይም የትኛውንም ዓይነት ዓሣ ነባሪ ገመድ ተጠምጥሞበት ወይም ሞቶ ካገኘኸው፣ ቤት እስክትገባ አትጠብቅ። እዚያው ቆመህ ለኖኣ (የአሜሪካ መንግሥት የውቅያኖስና የከባቢ አየር መሥሪያ ቤት) የስልክ መስመር ደውል፤ ጀልባ ላይ ከሆንክ በሬዲዮ ቻናል 16 ለባሕር ጠረፍ ጠባቂው ለኮስት ጋርድ ንገር። ገመዱን ራስህ ልፍታ ብለህ ውሃ ውስጥ እንዳትገባ፣ ለዚህ የሠለጠኑ ሰዎች እንኳ ሕይወታቸውን አጥተውበታል።