ጊታር ዝቅ አድርገን እንቃኝ ወይ? ለጠየቅከው ወንድሜ

ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። አምስት ሆናችሁ ሆቴል ትሠራላችሁ። ዘፋኛችሁ ሌሊቱ እየገፋ ሲሄድ ከፍ ያለው ቦታ ላይ ድምፁ ይሰነጠቃል። ቤዝ የሚመታው ልጅ ደግሞ የከባድ ሮክ ባንዶች የጊታሩን ወፍራም ክር ከኢ (E) እስከ ሲ (C) ድረስ እንደሚያወርዱ ሰምቶ «እኛስ ለምን አንወርድም» ይላል። እኔ እዚሁ ጎንደር ሠርግ ላይም ምሽት ቤትም ብዙ ዓመት ጊታር መትቻለሁ፣ ወርጄም ወጥቼም አይቼዋለሁ። መልሴ አጭር ነው፦ ግማሽ ድምፅ (ኪቦርድ ላይ አንድ ቁልፍ ያህል) ውረዱ፣ ሲን እርሱት። ረጅሙ ምክንያቱ ነው።

መጀመሪያ ጊዜ ጊታሬን የወረድኩት «ይከብዳል፣ ያምራል» ብዬ ነበር። ሙሉ ድምፅ ወርጄ ዲ ላይ ተቀመጥኩ። ከታዳሚው አንድም ሰው ልብ አላለውም። ልብ ያለችው ዘፋኟ ብቻ ናት፤ «ምን አደረጋችሁት? ጉድጓድ ውስጥ ሆኜ የምዘፍን መሰለኝ» አለችን። ላይኛው ቦታ ቀሏት ታችኛው ጠፍቷታል። ያን ሰሞን አብሮን የሚጫወት አንድ ማሲንቆ መቺ ነበር። ዘፋኝ በተቀየረ ቁጥር «በል እስኪ ትንሽ አንጎራጉር» ይላል፣ ጆሮውን ዘንበል ያደርጋል፣ መቃኛውን አንዴ ጠምዘዝ አድርጎ ይጀምራል። ቱነር (የቅኝት መለኪያ) የለው፣ 440 የሚባለው መደበኛ ቅኝት የለው። አንዷን የፈረስ ጭራ ከሰውየው ጉሮሮ ጋር ያስማማና ይገባል። እኔ ስድስት ክር ይዤ ያልገባኝ ነገር ለእሱ የዕለት ሥራው ነበር።

ስለዚህ ጊታሩን ከመንካታችሁ በፊት ዘፋኛችሁን ፈትኑት። በጣም የሚያስቸግረውን ዘፈን ምረጡና ልምምዱ ሲያልቅ፣ ድምፁ ከደከመ በኋላ አዘፍኑት። መጀመሪያ ላይ ካደረጋችሁት ይዋሻችኋል፤ ጉሮሮው ትኩስ ነዋ። ኪቦርዱ ላይ ትራንስፖዙን (ድምፁን ሁሉ በአንዴ የሚያወርደውን ቁልፍ) አንድ አውርዱ፣ ቀጥሎ ሁለት፣ ቀጥሎ ሦስት፤ በስልክ ቅዱት። አንድ ስትወርዱ ከፍታው ላይ አፉ ሳይጠብ ከወጣ ግማሽ ድምፅ ይበቃችኋል። ለአንድ ዘፈን ብቻ ሦስትና አራት የሚያስፈልገው ከሆነ የዚያን ዘፈን ኪ (የሚዘፈንበትን መነሻ ድምፅ) ቀይሩ እንጂ ለእሱ ብላችሁ የሌሊቱን ሥራ ሁሉ አታውርዱ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እውነቱን ልንገርህ። ኮርድ የምትይዙት በባሬ ብቻ (በአንድ ጣት ክሮቹን ሁሉ ተጭናችሁ) ከሆነ፣ ክፍት ክር የማትነኩ ከሆነ፣ ጊታሩን መቃኘት ራሱ አያስፈልግም። እጃችሁን አንድ ፍሬት (አንገቱ ላይ ካሉት ብረቶች አንዱን) ወደ ኋላ ትስባላችሁ፣ አለቀ። መቃኘቱ የሚጠቅመው ክፍት ኢ እና ክፍት ኤ ላይ የቆመ አጨዋወት ካላችሁና ያንን ጣት ሳትቀይሩ ድምፁ ብቻ እንዲወርድ ስትፈልጉ ነው። ካፖ (አንገቱ ላይ የሚታሰረው መቆንጠጫ) ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች አይሠራም። ሳክስ ካላችሁ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለ፤ የሳክስ ኖታ ከእኛ በተለየ ድምፅ ነው የሚጻፈው። እናንተ ኢ ስትይዙ ቴነር ሳክስ የሚያነበው ስድስት ሻርፕ ያለበትን ኤፍ ሻርፕ ነው። ግማሽ ስትወርዱ ኤፍ ይሆንለታል፣ አልቶው ደግሞ ሲ። የእኛ ሳክስ መቺ በዚያ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ቡና ጋበዘኝ።

አሁን ስለ ክሩ። የክር ውጥረት ከድምፁ ድግግሞሽ ስኩዌር ጋር ስለሚሄድ ትንሽ ስትወርድ ብዙ ይላላል። ግማሽ ድምፅ 11 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፣ ሙሉ ድምፅ 21 ገደማ፣ ሲ ላይ ስትደርስ 37 ገደማ። ከ10 እስከ 46 የሚባለው ክር (ቁጥሩ የክሩ ውፍረት ነው) ግማሽ ድምፅን በደንብ ይሸከማል፤ እንዲያውም ክር ጎትተህ ስታስለቅስ ጣትህ ይቀለዋል። ሙሉ ድምፅ ላይ 11 ማሰር ይሻላል። ሲ ላይ በ10 ብትገባ ወፍራሙ ክር እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ ነው፤ ጠንከር አድርገህ ስትመታው መጀመሪያ ሻርፕ ይወጣና ከዚያ ይወርዳል፣ ፍሬቱ ላይም ይንጫጫል። ወፍራም ክር ስታስር ደግሞ ነቱ (አንገቱ ጫፍ ላይ ክሩ የሚያርፍበት ቦይ) ይጠባል፣ አንገቱ ይንቀሳቀሳል፣ አስተካካይ ትፈልጋለህ። ድልድዩ በስፕሪንግ የሚንሳፈፍ ጊታር ካለህ ግማሽ ድምፅ እንኳ ስትወርድ ስፕሪንጉ ያሸንፍና ድልድዩ ወደ ኋላ ይሰምጣል፤ ከኋላ ያለውን ብሎን ማላላት አለብህ። እኔ ይህን ሳላውቅ አንድ ከሰዓት ሙሉ አንዱን ክር ሳስተካክል ሌላው እየሸሸኝ ላብ በላብ ሆኛለሁ።

ቤዙማ ይብሳል። የቤዝ ክፍት ኢ 41 ኸርዝ ገደማ ነው፤ ሲ ሲደርስ 33 ገደማ ይሆናል። የምትሠሩበት ሆቴል ስፒከር እንደኔው ከሆነ እዚያ ታች የሚያሰማው ነገር የለም። ልጁ ይመታል፣ ጠረጴዛው ይንቀጠቀጣል፣ ኖታው ግን አይሰማም። ስለ ሮክ ባንዶቹ ካነሳ አይቀር የብላክ ሳባቱን ጊታር መቺ የቶኒ አዮሚን ታሪክ ንገረው። በ17 ዓመቱ ፋብሪካ ውስጥ የሁለት ጣቶቹን ጫፍ ማሽን ቆርጦበታል። ቀጭን ክር አሰረ፣ በኋላም እ.ኤ.አ. በ1971 በወጣው አልበማቸው ላይ አንድ ተኩል ድምፅ ወርዶ ሲ ሻርፕ ገባ፤ ክሩ ሲላላ ለቆሰለ እጅ ይመቻል። ታዋቂው ጊታር መቺ ጂሚ ሄንድሪክስም አብዛኛውን ጊዜ ግማሽ ድምፅ ወርዶ ነበር የሚጫወተው።

ሌላ ዓይነት ቅኝት እንሞክር ወይ ላልከው፣ መጀመሪያ እጅህ ላይ ያለውን እየው። ጊታርህ ክፍቱን ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ፣ ቢ፣ ኢ ነው አይደል? በጂ ትዝታ ሜጀር ደግሞ ጂ፣ ኤ፣ ቢ፣ ዲ፣ ኢ ነው። ያው ነው! ፋብሪካው ሳያውቀው እንደ ክራር ቃኝቶ ልኮልሃል። ይህ የገባኝ አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ በክፍት ክር ብቻ ስነካካ ነው። ከዚያ ቢውን ግማሽ፣ ሁለቱን ኢዎች ግማሽ አወረድኩ፤ ሦስት ክር ብቻ ማለት ነው። በጂ ትዝታ ማይነር ሆነ። ክፍት ክሮቹን እንደ ክራር መቺ እየደረደርኩ ስለቃቸው እናቴ ከጓዳ «ማን ነው ክራር ያመጣው?» አለች። ቀረጻ ላይ እጠቀምበታለሁ። መድረክ ላይ ግን አልመክርህም፤ ሁለተኛ ጊታር ከሌለህ ሰው እስክስታ ሊወርድ ቆሞ እየጠበቀህ መቃኛ ስታዞር ያፍራል፣ አንተም ታፍራለህ። ዝቅተኛውን ክር ብቻ ዲ ማድረግስ? ለሮክ ጥሩ ነው፣ ለእናንተ ሥራ ብዙም አይጨምርም።

ከወሰናችሁ ሁላችሁም አንድ ላይ፣ ለሌሊቱ ሙሉ ውረዱ። አንድ ጥር ላይ ሠርግ ነበረን። እኔና ቤዙ ቤታችን ግማሽ ወርደን መጣን፣ ኪቦርዱ ትራንስፖዝ አንድ አወረደ፤ እስከዚህ ደህና። ሁለተኛው ጊታር ግን «ኪቦርዱ አውርዶት የለ?» ብሎ ባለበት መጣ። ሙሽሮቹ ዳሱ ውስጥ ሲገቡ ጀመርን። የሙሽራው አጎት ጆሮውን ይዞ ሲቀመጥ አሁንም ይታየኛል። ከዚያ ወዲህ መድረክ ከመውጣታችን በፊት ሁላችንም አንድ ኖታ እንነካለን፣ ኪቦርዱ ላይም «-1» የሚል ፕላስተር ተለጥፏል። የጥር ሠርግን ካነሳሁ፣ ከሰዓት በፀሐይ የቃኛችሁትን ማታ ሲበርድ እንደገና እዩት፤ ብረቱ ሲኮማተር ድምፁ ከፍ ይላል።

ዋሽንት የሚነፋ ካላችሁ ግን ከዚህ ሁሉ በፊት እሱን ጠይቁት። እናንተ መቃኛ ታዞራላችሁ፣ የእሱ ቀዳዳ ከተበሳ ተበሳ ነው። ቦርሳውን አስከፍቱትና ካሉት ዋሽንቶች ውስጥ ለምትወርዱበት ድምፅ የሚሆን መኖሩን እዩ። ከሌለው ማሠራት አለበት። የእኛው ሁለት ሳምንት ፈጅቶበታል፤ እስከዚያ ድረስ እኛም በድሮው ቆየን።